የጋሽ ተሾመ የበረዶ ቀን ኢሜይል

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በረዶ ከሰማይ ከመውረዱ በፊት በኢሜይል ይመጣል። እየቀለድኩ አይደለም። የአየር ትንበያ የሚያወራው ሰውዬ ገና ካርታው ፊት ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ፣ የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ጫማ የገዛሁበት ሱቅ «ማዕበሉ እየመጣ ነው፤ እግርዎ ተዘጋጅቷል?» ይለኛል። ፍራሽ ሻጩ እንዲህ ያለውን ብርድ በአሮጌ ፍራሽ ላይ ማሳለፍ ራስን መበደል እንደሆነ ይመክረኛል። ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም እንኳ፣ ብርድ ሲበረታ ጥርስ እንደሚጠዘጥዝ አስታውሶ ቅናሽ ማድረጉን ይገልጽልኛል። የቱን ጥርስ እንደሆነ አላውቅም፤ ያኛው እሱ ዘንድ ቀርቷል።

መቼም ይህ አገር የማይሸጠው ነገር የለም፤ ግን እንደ ፍርሃት የሚሸጥለት ነገር ያለ አይመስለኝም። «በረዶ ሊጥል ነው» ከተባለ ሰዉ ወደ ሱፐርማርኬት ይተምና ዳቦውን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን ጠራርጎ ይወስዳል። የሽንት ቤት ወረቀቱ መደርደሪያ ከሁሉ በፊት ባዶ ይሆናል። ሁለት ቀን ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው ያን ሁሉ ወረቀት ምን እንደሚያደርግለት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

ከዚያ ደግሞ ምክሩ አለ። «ከቤት አይውጡ፣ ይጠንቀቁ» ይላል ሁሉም። ይህ ምክር የሚጠቅመው ከቤት አለመውጣት ለሚችል ሰው ነው። እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በረዶ ሲጥል የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ እኔ አልዘጋም። እንደኛ ዓይነቱን «አስፈላጊ ሠራተኛ» ይሉናል። አስፈላጊነታችን ትዝ የሚላቸው በረዶ ሲጥል ብቻ ነው።

ለማንኛውም የማወራችሁ ስለ ጋሽ ተሾመ ነው። ጋሽ ተሾመ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በስልክ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች ትንሽ ሱቅ አላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ ይሸጣሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ደግሞ ጓዳ ሆነው ወጥ እየሠሩ በአሉሚኒየም ትሪ ያቀርባሉ። እኔ ከሥራ ስወጣ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደኝን ያንን የተጨናነቀ መንገድ ከመጀመሬ በፊት ጎራ እላለሁ። ለመግዛት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ለወሬ ነው። የሱቁ ችግርም ይኸው ነው፤ አብዛኛው ደንበኛ እንደ እኔ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባማ ወሬኛውም ይጠፋል። ሰው ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ዘንድሮም ዊንተሩ እንዲሁ ካለፈ በቃኝ ብለው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ለትናንሽ ነጋዴዎች በነጻ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ተካፍለው መጡ። አሠልጣኟ ፈገግታዋ የማይጠፋ ወጣት እንደነበረች፣ የተናገረችውንም ሁሉ እንደ ስብከት አድምጠው እንደያዙት ደጋግመው ነገሩን። ኢሜይል በሱቅ ስም ከተላከ ማንም አይከፍተውም፤ በሰው ስም፣ ያውም ሁሉም በሚያውቀው ሰው ስም ይላክ ብላለች። አጭር ይሁን፤ ሰው ከአልጋው ሳይነሳ ይድረሰው። ዕቃውን መጀመሪያ አትጥሩ፣ መጀመሪያ ልብ ያዙ። ደግሞ ከባድ በረዶ ሲመጣ አትዘኑ፤ ለነጋዴ ስጦታ ነው፣ የፈራ ሰው የመጣለትን ሁሉ ይከፍታል። እውነቷን ነው። ይህችን ልጅ የምወቅስበት ነገር የለኝም፤ ጋሽ ተሾመ ማን እንደሆኑ በምን ታውቃለች?

ማን መሰሏችሁ? ጋሽ ተሾመ ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ አላቸው። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ መርዶ የሚነግሩትም እሳቸው ናቸው። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። አገር ቤት ሰው ሲሞትብን ለእኛ ማንም አይደውልም። ዘመድ ለጓደኛ ይደውላል፣ ጓደኛ ለእድር። እድሩ ሐዘንተኛው መቼ ሥራ እንደሚገባ፣ መቼ ኦፍ እንደሆነ በጎን ያጣራል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን አቁመን፣ ጥቁር ለብሰን፣ አፓርትማው ሥር እንሰበሰባለን። ጋሽ ተሾመ ስልካቸውን ያወጣሉ። ቤት መሆኑን ይጠይቃሉ፣ እንዳይወጣ ይነግራሉ፣ እየመጣን ነው ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልቅሶ እኛ ደረጃውን ሳንጨርስ እንሰማዋለን።

በዚህ የተነሳ እንደ ጋሽ ተሾመ የሚከበር፣ እንደ ጋሽ ተሾመ ጠዋት እንዳይመጣ የሚለመን ሰው በአካባቢያችን የለም። ሠርግ ላይ እንኳ ብርጭቆ ይዘው ወደ አንዱ ጠረጴዛ ካመሩ፣ ያ ጠረጴዛ እስኪያልፉት ድረስ ዝም ይላል። እሳቸው ይህን አያውቁም፤ የሠርጉ ሙዚቃ ስለሚጮኽ ነው ይላሉ።

ገነትንም እዚሁ ላስተዋውቃችሁ። እኔና ገነት በአንድ ዓመት በዲቪ መጥተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደራርበን የኖርን ነን። ወንድሜ ትለኛለች፤ ሌላ ወንድም እዚህ የላትም። አሁን ዊተን በሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። አባቷ ደሴ ከታመሙ ቆይተዋል። ገነት አባቷ እንደማይድኑ ታውቃለች፣ ተቀብላዋለች። የማትቀበለው አንድ ነገር ነው፤ ያን ጠዋት ብቻዋን መሆንን። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ጋሽ ተሾመን እጃቸውን ይዛ፣ ቀኑ ሲደርስ በስልክ እንዳይነግሯት፣ ሰው ይዘው እንዲመጡላት አደራ አለቻቸው። «አንቺን ብቻሽን? እንዴት ተደርጎ» አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እኔን እንደማይመለከት ነገር ራሴን ነቀነቅሁ።

እንግዲህ ትንበያው «ከባድ ማዕበል» ባለ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን አድርገው ያዘጋጁትን ኢሜይል አነበቡልን። ላኪው «ተሾመ» ይላል። ርዕሱ «ቤት ናችሁ?» ነው። ቀጥሎ፣ «ነገሩ እንደምታዩት ነው። ዛሬ ከቤት እንዳትወጡ። ሥራም ይቅርባችሁ። እኛ እንመጣለን።» ከዚህ ሥር በረዶ የሸፈነው መንገድ ትልቅ ፎቶ አለ። ከፎቶው ሥር ደግሞ የዶሮ ወጡ፣ የምስሩ፣ የጎመኑ ዝርዝር፤ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ቤት ለቤት እናደርሳለን ይላል።

እንዴት አደነቅን መሰላችሁ። ይህማ የትልቅ ድርጅት ሥራ ነው አልን። አጭር ነው፣ ልብ ይይዛል። አንዱ «ሥራም ይቅርባችሁ» የምትለዋን ደግመው እንዲያነቡለት ጠየቀ። እትዬ ዘነበች ብቻ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ ብለው ዶሮው የቱ ጋ እንደተጻፈ ጠየቁ። ከፎቶው ሥር ነው ተባሉ። ለምን ሥር ሆነ ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሽ ተሾመ መጀመሪያ የሚያዘው ልብ እንደሆነ አስረዷቸው። እትዬ ዘነበች ወደ ወጣቸው ተመለሱ።

ከመካከላችን አንድም ሰው አልነቃም። ሱቁ ሞቅ ብሏል፣ ቀኑ ገና ነው፣ ጋሽ ተሾመ ፊታችን ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ለማን ይላካል ቢባል፣ የአካባቢያችን ሰው ሁሉ አድራሻ ያለው እድሩ ዘንድ ነው። ለሁሉም ይላካል ተባለ።

ያን ምሽት ሆቴሉ ነገ የሚመጣ ሠራተኛ ላይኖር ይችላል ብሎ እዚያው አሳደረኝ። ጎህ ሊቀድ ሲል ስልኬ ጮኸ። በአንድ ዓይኔ አየሁት። ተሾመ። ቤት ናችሁ? ዛሬ ከቤት እንዳትወጡ። እኛ እንመጣለን። ጎንደር ያለችው እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልብ በሉ፤ ይህንኑ ጽሑፍ ትናንት ከሰዓት በኋላ አድንቄ ያጸደቅሁት ሰውዬ እኔ ነኝ። ዶሮው ትዝ እስኪለኝ ድረስ ትንሽ ቆየ። ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ስለ ሌላው ሰው ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ኤርፖርቱ ተዘግቶበት መውጣት ያቃተው እንግዳ ሁሉ እኔ ፊት ተሰልፎ፣ በረዶውን እኔ ያዘዝኩት ይመስል ያፈጥብኝ ነበር።

ለካ በየቤቱ ጉድ ፈልቷል። ፎቶው ሥር ድረስ የወረደ ሰው የለም። ማን ይወርዳል? ልቡ የተያዘ ሰው ጎመን አያነብም። ለጋሽ ተሾመ መደወል ደግሞ አይታሰብም፤ መርዶ ነጋሪ ይጠበቃል እንጂ አይጠየቅም። ስለዚህ ሁሉም ለሁሉም ደወለ። ሄርንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሱ ከሆነ እንድነግረው፣ ለሌላ ከሆነም ጥቁር ልብሱ መኪናው ውስጥ መሆኑን አስታወቀኝ። ነገሩን አስረድቼው ስልኩን ስዘጋ ሌላ ተተካ። የቀረው አገር ቤት ደወለ። ምሳቸውን የሚበሉ እናቶች ካለወትሮው ስልክ እየተደወለላቸው፣ «አለሽ? እውነት አለሽ?» እየተባሉ ግራ ተጋቡ። አንዱ በቤት ውርስ ተጣልቶ ለዓመታት ያላናገረውን ወንድሙን ደውሎ አገኘው። በሕይወት መኖሩን ሲያረጋግጥ አለቀሰ፤ ከዚያ ስለ ቤቱ አንስተው እንደገና ተጣሉ።

ነገሩ በዚህ ብቻ አልቆመም። የስቴቱ ገዢ ከቤት እንዳትወጡ ብሎ ሲማጸን፣ ቴሌቪዥኑ ሲማጸን፣ የእኛ ሰው አካፋውን ይዞ መኪናውን ከበረዶ ያወጣ ነበር። ለቅሶ ባለበት ቤት ደግሞ እሳት አይነድም፣ ባዶ እጅ አይኬድም። የበሰለ ምግብ የት ይገኛል? ጋሽ ተሾመ ሱቅ። ቤት ለቤት ያዘዘ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ራሱ እየመጣ ትሪ ትሪውን አነሳ።

ጋሽ ተሾመ ከንጋት ጀምሮ ለእትዬ ዘነበች ሽንኩርት ሲከትፉ ስለነበር ዓይናቸው ቀልቷል። ወደ ሱቁ የሚገባው ሁሉ ያንን ዓይን አይቶ አንገቱን ደፋ፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ «በርቱ ጋሼ» እያለ ወጣ። እሳቸው ስለ ሱቁ መስሏቸው «በእናንተው ነው እንጂ» እያሉ አመሰገኑ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጓዳው ባዶ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ትሪዋን ታቅፋ እንባዋን ማቆም አቅቷት እትዬ ዘነበችን ወደ ጥግ ወሰደቻቸውና ለማን እንደምትወስደው እንዲነግሯት ለመነቻቸው። እትዬ ዘነበች ግራ ገብቷቸው፣ «ለልጆችሽ ነዋ» አሉ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ማማሰያውን አስቀምጠው ወደ ባላቸው ዞሩ። የተናገሩትን እዚህ መድገሙ ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ኢሜይል ወዲያው ተላከ። አሠልጣኟ አልተማከረችም። «ማንም አልሞተም። ምግቡ ግን አልቋል። ተሾመ።»

ይህን አንብቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ እየሳቅሁ ሳለ ገነት ደወለች። ሳቄን ሳልጨርስ አነሳሁት።

«አንተ እንኳ ቀረህ?» አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ሌሊት ሠርታ ስትመለስ፣ ዊተን ባቡር ጣቢያ ያንን ማለቂያ የሌለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ስትወጣ ነው ኢሜይሉ የደረሳት። ደረጃው ሲያልቅ እሷም አልቅሳ ጨርሳ ነበር። ለማንም አልደወለችም። ለምን ትደውላለች? እኛ እንመጣለን ተብሏል። ቤቷ ገብታ ጥቁር ለበሰች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ ለሰው መቀመጫ እንዲሆን ልብሱን ከሶፋው ላይ አነሳች። የታችኛውን በር ሰው ሳያንኳኳ እንዲገባ ጫማ አስደግፋ ክፍት አደረገችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በረዶው ጣለ፣ ጣለ፣ አቆመ። ማንም አልመጣም። ስልኳን ዘግታው ስለነበር ሁለተኛውን ኢሜይል አላየችም፤ የከፈተችው ለእኔ ለመደወል ነው።

«አባዬስ ዕድሜ ጠግቧል፤ ሰው ግን እንዴት አንድ ሰው አይመጣም?» አለች።

ስለ ዶሮው ነገርኳት። እንዴት አድርጌ እንደነገርኳት አትጠይቁኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በጥሩ መንገድ መናገር አይቻልም። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ፣ ስልኩን ዘጋችው። ማታ ደውላ አባቷን እንዳነጋገረቻቸው፣ መድኃኒቱ መረረኝ ብለው እንደተነጫነጩባት፣ እሷም እየተነጫነጩ ብዙ እንዲቆዩላት እንደተመኘች ነገረችኝ።

ጋሽ ተሾመ ወደ አሠልጣኟ ሄደው የደረሰውን በሙሉ አስረዱ። ሰው ሁሉ መከፋቱን፣ አንዲት ልጅ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ለብሳ መዋሏን፣ ምን ብለው ይቅርታ እንደሚጠይቁ እንደቸገራቸው ነገሯት። እሷ ግን መጀመሪያ ስንት ሰው እንደከፈተው ጠየቀች። ሁሉም። ስንቱ ገዛ? ጓዳው ባዶ ሆኗል። ልጅቷ ብድግ ብላ እጃቸውን ጨበጠች። ከልብ የመነጨ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሥልጠናዋ ታይቶ እንደማያውቅ ገልጻ፣ ለሌሎች ነጋዴዎች ምሳሌ እንዲሆን ፈቃዳቸውን ለመነቻቸው። ጋሽ ተሾመ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ሱቁ ግን ዊንተሩን አለፈ። ለመሳቅ የመጣው ሰው ሳይገዛ መውጣት እያሳፈረው ስለሚገዛ፣ ሥራው ደራ። በሩን ገፍቶ የሚገባው ሁሉ «ጋሼ፣ ቤት ነን!» ይላቸው ጀመር። በየስብሰባው፣ በየክርስትናው ቀልድ ሆነ። ያ ሁሉ ዓመት ያስደነግጠን የነበረው ቃል የሕፃናት መጫወቻ ሆነ። ጋሽ ተሾመም አብረው ይስቃሉ፤ ግን ከሁላችንም ቀድመው ነው የሚያቆሙት። አንድ ቀን ሰው ሲበተን ጠብቀው፣ «እንግዲህ የእውነቱ ቀን ሲመጣ በምን አፌ ነው የምናገረው?» አሉኝ። እኔም ቀለል አድርጌ፣ ሰው ይረሳዋል አልኳቸው።

አልተረሳም። በረዶው ቀልጦ፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ የጠቆረ ክምር ብቻ ሲቀር፣ ከደሴ ለእኔ ተደወለልኝ። የገነት አባት አርፈዋል። ለጋሽ ተሾመ ነገርኳቸው። እሳቸው የሚደውለው ሌላ ሰው ቢሆን መረጡ። ሽማግሌዎቹ ግን ልጅቱ አደራ ያለችው እርስዎን ነው ብለው እንቢ አሉ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ዊተን አፓርትማዋ ሥር ተሰበሰብን። ከሄርንደን የመጣ ነበር፣ ከአሌክሳንድሪያም። እትዬ ዘነበችም መጥተዋል፣ ትሪያቸውን ይዘው። ጋሽ ተሾመ ስልካቸውን አወጡ፤ ከጎናቸው ስለቆምኩ ሁሉንም ሰማሁ።

«ገነት፣ ቤት ነሽ?»

ሳቀች። ከሥራ የገባች፣ የደከማት፣ ደስ ያላት ሳቅ። «ነኝ ጋሼ። ዛሬስ ምን ሠራችሁ? ዶሮ ከሆነ ለእኔም አስቀሩልኝ።»

ጋሽ ተሾመ የሚቀጥለውን ቃል ያውቁታል፤ ስንቱን ቤት ብለውታል። አልወጣላቸውም። ስልኩን ዘጉና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ፣ እኛም ተከተልናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ስንወጣ ከላይ ምንም ልቅሶ አልተሰማም።

በሩን ፈገግ ብላ ከፈተችው። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። መጀመሪያ ጋሽ ተሾመን አየች። ቀጥሎ ከኋላቸው እኔን፣ ከእኔ ኋላ ደረጃውን ሞልቶ የቆመውን ጥቁር የለበሰ ሰው ሁሉ፣ አንድ በአንድ እስከ ታች ድረስ አየች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«ሁላችሁም መጣችሁ?» አለች።

«መጣን፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተሾመ።

ከዚያ ወዲያ መንገር አላስፈለገም።